ስለ ሁለተኛው ጉድጓድም ጻፉልን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በከርሰ ምድር ውሃ ስለሚሠራው የሙቀት ፓምፕ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል። እኛ ከመሬት በታች ያለውን ነገር የምንጠግን ሰዎች ሥራችን ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ጸሐፊው ማሽኑን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። ፎቶውም ያምራል። አዲስ ቀለም የተቀባው ኮምፕረሰር (የማሽኑ መጭመቂያ ሞተር)፣ የሚያብረቀርቁት ቧንቧዎች፣ አጠገባቸው የቆመው መሐንዲስ፣ ሁሉም ጥሩ ነው።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በጽሑፉ ውስጥ ውሃው ከጉድጓድ ይወጣል፣ ሙቀቱን ለማሽኑ ይሰጣል፣ ከዚያ «ወደ መሬት ይመለሳል» ተብሎ በሦስት ቃል ይታለፋል። እኔ ላለፉት 19 ዓመታት የሠራሁት እነዚያ ሦስት ቃላት ውስጥ ነው። ውሃው የሚመለሰው በሁለተኛ፣ በመመለሻ ጉድጓድ በኩል ነው፤ ስለ እሱ ነው የምጽፍላችሁ።

ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ጥገና ነው። የጀመርኩት የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ነው። ኬዚንግ የሚባለውን የጉድጓድ መደገፊያ ቧንቧ ተሸክሜአለሁ። በኬዚንጉ ዙሪያ ጠጠር ሞልቻለሁ። ፓምፕ ሲሞከር ሌሊቱን ሙሉ የውሃውን ከፍታ እየለካሁ አድሬአለሁ። በኋላ በጉድጓድ ውሃ የሚሞቁና የሚቀዘቅዙ ሕንፃዎችን ወደ መጠገን ተሻገርኩ። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ሌላ ነው። የመጠጥ ውሃ ስታወጣ የምትጨነቀው ስለሚወጣው ነው። እዚህ ግን የሚያስጨንቅህ የሚመለሰው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ልበል። የቤታችሁን ፍሪጅ ጀርባ ነክታችሁ ታውቁ ይሆናል። ይሞቃል። ያ ሙቀት ከፍሪጁ ውስጥ ተለቅሞ የወጣ ነው፤ የሞተሩም ሙቀት ተጨምሮበታል። የሙቀት ፓምፕም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሙቀቱን የሚለቅመው ከጉድጓድ ውሃ መሆኑ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ማሽን ሙቀትን ከቀዝቃዛ ቦታ ወስዶ ቤት ሊያሞቅ እንደሚችል ጽፏል። በአሜሪካ ኦሪጎን ፖርትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጠናቀቀው የኢኩዊተብል ሕንፃ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ በጉድጓድ ውሃና በሙቀት ፓምፕ ከሚሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጽሑፋችሁ «አዲሱ ቴክኖሎጂ» ያለው ነገር ከኔም ከእናንተም ዕድሜ ይበልጣል።

የጉድጓድ ውሃ ለምን ተመረጠ? የማይዋዥቅ ስለሆነ ነው። ላይ ፀሐይ ቢወጣም፣ ውርጭ ቢወርድም፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ዝቅ ካልን በኋላ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ከዚያ በታች በየ100 ሜትሩ 3 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ይሄዳል። ፓሪስ ውስጥ ከከዋክብት መመልከቻው ሥር 28 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ምድር ቤት አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንቱ እዚያ ቴርሞሜትር አስቀምጠው ሲከታተሉት ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ ገደማ ነበር። እኔም በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ጃኬት ደርቤ የለካሁትም፣ በሸሚዝ የለካሁትም ቁጥር አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መጀመሪያ የተረከብኩት ሕንፃ በሰከንድ 6 ሊትር ውሃ ያወጣ ነበር። ውሃው በ14 ዲግሪ ይገባል፣ በ10 ዲግሪ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.18 ኪሎጁል ሙቀት ይሰጣል። 6ቱን በ4 ዲግሪና በ4.18 ስታባዙት 100 ኪሎዋት ያህል ይሆናል። ኮምፕረሰሩ 30 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሕንፃው የሚያገኘው 130 ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ጽሑፋችሁ እንዳለው «በነፃ» አይደለም። የኮምፕረሰሩ ኤሌክትሪክ አለ። የጉድጓዱም ፓምፕ ይበላል። ብዙ ሰው ቅልጥፍናውን ሲያሰላ ይህን ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ ይረሳዋል። ከሚገባው በላይ ትልቅ ፓምፕ ተገዝቶ፣ ከዚያ ቫልቭ አንቆ የሚይዘው ጉድጓድ በብዛት አይቻለሁ። እንደዚያ ሲሆን ቆጠብነው ያልነው ኤሌክትሪክ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል።

ጽሑፋችሁን ያነበቡ አንድ ጎረቤቴ ደግሞ በተቃራኒው ሰግተዋል። «ይሄ ነገር የመጠጥ ውሃችንን ሊጨርሰው ነው» አሉኝ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያው ሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ውሃው ወደመጣበት የመሬት ንብርብር ከተመለሰ የሚወሰደው ሙቀት ብቻ ነው፤ ውሃው አይጎድልም። ወደ ፍሳሽ ቦይ ከተለቀቀ ግን ጎረቤቴ ልክ ናቸው። ሲለቀቅም አይቻለሁ። መመለሻው ጉድጓድ ሲያስቸግር ሌሊት ቫልቭ ይዞርና ጥርት ያለ የከርሰ ምድር ውሃ በሰከንድ 6 ሊትር ወደ ቦይ ይሄዳል። በቀን ስታሰሉት ከ500 ሜትር ኩብ በላይ ነው። እሱን ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መመለሻ ጉድጓድ ለምን ያስቸግራል? ከዚያው ከመጀመሪያው ሕንፃ ታሪክ ልጀምር።

ስረከበው ሥርዓቱ አንድ ዓመት ሠርቶ ነበር። የመመለሻው ጉድጓድ ውሃ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲያርፍ፣ ከመሬት 11 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ማሽኑ ሲሠራ ወደ 8 ሜትር ከፍ ይላል። ይሄ ጤናማ ነው። ውሃ ሲገባበት ከፍ ማለቱ የግድ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ መለኪያ ገመዴን አውርጄ ቁጥሩን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። በዓመቱ 8 የነበረው 6 ሆነ፤ ውሃው ወደ ጉድጓዱ አፍ እየቀረበ ነው ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት 4 ሆነ። ለኃላፊዎቹ ነገርኳቸው። «ክፍሎቹ ይሞቃሉ አይደል?» አሉኝ። አዎ፣ ይሞቃሉ። «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አሉኝ። ያን ጊዜ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። በየሳምንቱ የሚጨምረው 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ነው። ለሦስት ሳንቲሜትር ማን ስብሰባ ይጠራል?

በሦስተኛው ክረምት አንድ ጠዋት የጉድጓዱን ክዳን ስከፍት ከሥሩ ያለውን ክፍል በቀላ ያለ ውሃ ተሞልቶ አገኘሁት። ጉድጓዱ አልቀበልም ብሎ ገንፍሏል። ማሽኑን አጠፋን። ቧንቧውን ስናወጣ ምክንያቱን አየነው። የመመለሻው ቧንቧ የሚያልቀው 3 ሜትር ላይ ነው። ውሃው ደግሞ መጀመሪያ 8 ሜትር ላይ ነበር። ማለትም የተመለሰው ውሃ አምስት ሜትር በአየር ውስጥ እየተወረወረ ይወርድ ነበር፤ ልክ እንደ ፏፏቴ።

ይሄ ለምን እንደሚገድል ለማየት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ብረት ካለበት ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ቅዱና በብርጭቆ አስቀምጡት። መጀመሪያ ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይታይበትም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሲያድር ከታች ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል። ብረቱ ከመሬት በታች ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ሟሙቶ ነው የኖረው። አየር ሲያገኘው ዝገት ይሆናል። ያ ዝገት በብርጭቆ ሲቀመጥ ምንም አይደለም፤ ይደፋል። በሰከንድ 6 ሊትር ውሃ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ግን የማጣሪያ ቱቦውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይደፍናል። ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ደግሞ አየሩን ሲያገኙ ይባዙና ላዩ ላይ ልጋግ ይጨምሩበታል። የአየር አረፋው ራሱ በአሸዋው መሐል ይወተፍና ውሃውን ያግዳል።

ካሜራ አወረድን። ማጣሪያው ላይ ስንደርስ አንድም ቀዳዳ አይታይም። ሁሉም በብርቱካናማ ጭቃ ተለስኗል። ጽዳቱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በብሩሽ ፋቅን፣ አሲድ ጨመርን፣ አውጥተን ደፋን፣ እንደገና ፋቅን። በመጨረሻ ጉድጓዱ ሳይገነፍል የሚቀበለው በሰከንድ 5 ሊትር ብቻ ሆነ። ስድስተኛው ሊትር ተመልሶ አልመጣም። ከጠጠሩ ኋላ አሸዋው ውስጥ የገባውን ዝገት ብሩሽ አይደርስበትም። 100 የነበረው ኪሎዋት ወደ 84 ወረደ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ቧንቧውን ወደ 20 ሜትር አወረድነው፤ ከውሃው በታች እንዲያልቅ። ጫፉ ላይ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ አደረግንለት። ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አየር የሚገባበት ቦታ የለም። መገጣጠሚያዎቹንም አንድ በአንድ አየናቸው፤ ምክንያቱም መምጫው በኩል ግፊቱ ከወረደ ውሃው ሳይፈስ አየር ሊስብ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ 8.5 ሜትር አካባቢ ቆሟል። መጀመሪያውኑ አንድ ሰው አሥራ ሰባት ሜትር ተጨማሪ ቧንቧ አስቦ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ውሃን ወደ መሬት ስለመመለስ ሳስብ ሁልጊዜ የሻንጋይ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሻንጋይ ውስጥ ፋብሪካዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት የከርሰ ምድር ውሃ ሲያወጡ መሬቱ ሰመጠ። በአንዳንድ ቦታ ከ2 ሜትር በላይ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ውሃ ወደ ንብርብሩ መልሰው ማስገባት ጀመሩ። ዓላማው መስመጡን ማቆም ነበር። ከዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ አንድ ነገር ልብ አሉ። በክረምት ያስገቡት ቀዝቃዛ ውሃ በበጋ ሲያወጡት አሁንም ቀዝቃዛ ነው። መሬቱ ቅዝቃዜውን አስቀምጦላቸዋል። ዛሬ በሙቀት ማከማቸት ስም የሚጠራው ሥራ በስፋት ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። የመጣው ማሽን ከመሸጥ ሐሳብ አይደለም። ውሃን ከመመለስ ነው የመጣው።

ማከማቸቱ እንዲህ ነው። ሁለት ጉድጓድ አለ። አንዱን ሞቃት፣ ሌላውን ቀዝቃዛ እንላቸዋለን። በበጋ ከቀዝቃዛው ይወጣል፣ ሕንፃውን ያቀዘቅዛል፣ ሲሞቅ ወደ ሞቃቱ ይገባል። በክረምት አቅጣጫው ይገለበጣል። ከሞቃቱ ይወጣል፣ የሙቀት ፓምፑ ሙቀቱን ይለቅመዋል፣ ሲበርድ ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳል። በበጋ ኮምፕረሰር አያስፈልግም፤ ፓምፕና ሙቀት መለዋወጫ ብቻ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ኔዘርላንድን የሚያህል አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ከ2,800 በላይ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች እንዳሉ ቆጥሮ 85 በመቶው ኔዘርላንድ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። የስቶክሆልም አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል። በርሊን ያለው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ ደግሞ ሁለት ንብርብር ይጠቀማል። ቅዝቃዜው 60 ሜትር አካባቢ ነው የሚቀመጠው፤ ሙቀቱ 300 ሜትር አካባቢ።

አንባቢ «እኔስ ለቤቴ ላደርገው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለማከማቸት ትልቅነት ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ቶሎ ይበርዳል፣ አንድ በርሜል ይቆያል። ከመሬት በታችም እንዲሁ ነው። ትንሽ ከተቀመጠ በዙሪያው ያለው አሸዋ ይበላዋል። ውሃው የቆመ ወይም በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ መሆን አለበት። ፈጥኖ የሚሄድ ከሆነ ያስቀመጣችሁት ሙቀት አብሮት ይሄዳል። ደግነቱ ሙቀት ከውሃው ያነሰ ይጓዛል፤ አሸዋው በመንገድ እየያዘ ስለሚያስቀረው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሄዳል። ውሃ አዘል ንብርብር የሌለበት ቦታስ? እዚያ ውሃ ሳያወጡ በተዘጋ ቱቦ ሙቀቱን አለቱ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ካናዳ ኦኮቶክስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት 52 ቤቶች የበጋን ፀሐይ በ144 ጉድጓዶች አስቀምጠው ክረምቱን ይሞቁበት ነበር። ያ ግን የኔ ሙያ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሁለተኛው የያዝኩት ሕንፃ እንዲህ ያለ ማከማቻ ነበረው። ቧንቧዎቹ ከውሃ በታች ናቸው፣ አየር አይገባም፣ ጉድጓዶቹ በ120 ሜትር ተራርቀዋል። ሲታይ እንከን የለውም። ቀዝቃዛው ጉድጓድ በመጀመሪያው በጋ 8 ዲግሪ ሰጠን። በሁለተኛው 8.7። በሦስተኛው 9.8። በአራተኛው 11። በ11 ዲግሪ ያን ሕንፃ ያለ ኮምፕረሰር ማቀዝቀዝ አይቻልም። ሠራተኞቹ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብለው ያማርሩ ጀመር። ማሽኑ ደህና ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። ሕንፃው ሲታቀድ ቢሮ ነበር። በኋላ ሁለት ፎቅ ሙሉ የኮምፒውተር ሰርቨር ገባበት። ሰርቨር ክረምት ከበጋ ይሞቃል። ስለዚህ በበጋ ወደ መሬት የምናስገባው ሙቀት በዛ፣ በክረምት የምናወጣው አነሰ። ከመሬት ጋር ያለን ሒሳብ አልተዘጋም። በየዓመቱ ትርፉ ሙቀት ወደ ቀዝቃዛው ጉድጓድ እየገፋ መጣ። ይሄንን ለማየት የሚያስፈልገው በየወሩ ስንት ሜትር ኩብ በስንት ዲግሪ እንደወጣና በስንት ዲግሪ እንደተመለሰ መጻፍ ብቻ ነው። ቆጣሪዎቹ ተገጥመዋል፣ የሚያነባቸው ግን አልነበረም። አራት ዓመት ወደኋላ ሄጄ ቁጥሮቹን ከኮምፒውተሩ አውጥቼ ስደምር ጉዳዩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። እውነት ለመናገር አዘንኩ።

መፍትሔውም ተገኘ። ጣራ ላይ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ተገጠመ። በክረምት ብርዳማ ሌሊቶች ከሞቃቱ ጉድጓድ የወጣውን ውሃ በእሱ በኩል እያበረድን ወደ ቀዝቃዛው አስገባን። ሁለት ክረምት ወሰደ። አሁን ቀዝቃዛው ጉድጓድ 8.6 ላይ ነው። በኔዘርላንድ ፈቃድ ሲሰጥ በጠቅላላው የሚገባውና የሚወጣው ሙቀት እንዲመጣጠን ይጠየቃል። የሚመለሰውም ውሃ በአብዛኛው ከ25 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ቢሮክራሲ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን አራት ዓመት የጠፋበት ጉድጓድ አጠገብ ስለቆምኩ ምክንያቱ ይገባኛል።

የጎረቤትንም ነገር ላንሳ። ከመሬት በታች አጥር የለም። ያው የመጀመሪያው ሕንፃ፣ የዝገቱ ነገር ከተስተካከለ በኋላ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ በአራት ዓመት ውስጥ ከ14 ወደ 12.6 ዲግሪ ወረደ። የራሳችን የተመለሰ ቀዝቃዛ ውሃ ዞሮ የመጣ መስሎኝ ነበር። ጉድጓዶቹ ሲቀራረቡ እንዲህ ይሆናል። አልነበረም። ውሃው ከሚመጣበት አቅጣጫ ሌላ ሕንፃ የራሱን ሥርዓት ተክሏል። የእሱ መመለሻ ጉድጓድ ለኛ ማውጫ ጉድጓድ ከላይ በኩል ነው የዋለው። ክፋት የለበትም፤ እነሱም አያውቁም፣ እኛም አናውቅም። የእነሱ ካርታ በእነሱ ካቢኔ፣ የኛ ካርታ በኛ ካቢኔ ተቆልፎ ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ኖሮ ጉድጓዱ ሃምሳ ሜትር ወደ ጎን ይቆፈር ነበር፤ በቃ። ስለዚህ የጉድጓዶች የጋራ መዝገብ ያስፈልጋል እላለሁ። ስንት ሊትር እንደሚወጣ ብቻ ሳይሆን በስንት ዲግሪ እንደሚመለስም የሚጻፍበት። ለማንም ክፍት የሆነ።

ስለ ቁፋሮው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጉድጓድ ስንቆፍር ተፈጥሮ ለይታ ያስቀመጠቻቸውን ንብርብሮች እንበሳለን። ከላይ የቆሸሸ ውሃ፣ ከታች ንጹሕ ውሃ፣ በመሐል ሸክላ አፈር ሊኖር ይችላል። ሸክላውን የበሳነውን ያህል በሲሚንቶና ቤንቶናይት በሚባል ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ መልሰን መድፈን አለብን። ይሄ የተዘለለ ጉድጓድ ላይ ላዩን ከሌላው አይለይም። በጀርመን ሽታውፈን በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ለማሞቅ 140 ሜትር ገደማ የሚወርዱ ሰባት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ቁፋሮው ግፊት ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ አንሃይድራይት ከሚባል አለት ጋር አገናኘው። ያ አለት ውሃ ሲጠጣ ወደ ጂፕሰም ይለወጣል፣ ያብጣል። መሬቱ ተነሣ። ከ250 የሚበልጡ ቤቶች ተሰነጠቁ። እነዚያ ጉድጓዶች ቱቦአቸው የተዘጋ እንጂ እንደኛ ውሃ የሚያወጡ አልነበሩም። ግን መሬቱን የሚበሳው መሰርሰሪያ አንድ ነው። ከመቆፈር በፊት ከታች ያለውን አለት ማወቅ፣ ከተቆፈረ በኋላ በደንብ መድፈን፣ ለሁለቱም ሥራ እኩል ግዴታ ነው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሰው እንዲፈራ አይደለም። ተቃራኒው ነው። ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። ምንም ሳይነድ፣ ጭስ ሳይወጣ አንድ ሙሉ ሕንፃ ከእግሩ ሥር ባለው ውሃ ሲሞቅ ማየት እስከዛሬም ደስ ይለኛል። ጉድጓድ በደንብ ከተያዘ ሰው ሁለት ትውልድ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ኮምፕረሰሩ ያን ጊዜ ሁለት ሦስቴ ተቀይሯል። በጨረታ ወረቀት ላይ ግን ማሽኑ አሥር ገጽ ይጻፍለታል፣ መመለሻው ጉድጓድ አንድ መስመር። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእሱ ጥልቀት ነው። ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጠው ማሽኑ ፊት ነው። የጉድጓዱ ክዳን ላይ ደግሞ ሰው መኪና ያቆምበታል። ይሄ በሥራዬ ስንቴ እንደገጠመኝ! መኪናው እስኪነሣ ቆሜ የጠበቅኩባቸው ሰኞዎች ብዙ ናቸው።

እናም ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ሕንፃ ስትጽፉ ባለቤቱን ስለ ማሽኑ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ እርምጃ ጨምሩ። የተመለሰው ውሃ ቧንቧ ከውሃው በላይ ነው የሚያልቀው ወይስ ከሥር? የመመለሻው ጉድጓድ ከፍታ ባለፈው ዓመት ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ? መዝገቡን የያዘው ማነው? በበጋ የገባውና በክረምት የወጣው ሙቀት ተደምሮ ያውቃል ወይ? መልስ ከሌለ «መልስ የለም» ብላችሁ ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ይኖራል፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር እንዴት እንደሚያስሮጥ አውቃለሁ።

ጋዜጠኛ ብትልኩልኝ ደግሞ በደስታ አሳያለሁ። የ19 ዓመት መዝገቤ፣ የቀላውን ውሃ ያየሁበት ጠዋት ሳይቀር፣ በአምስት ደብተር ተጽፎ አለ። ከጉድጓድ የቀዳሁትን ውሃ በሁለት ጠርሙስ አስቀምጣለሁ፤ አንዱን አየር ሳይነካው ሞልቼ ዘግቼ፣ ሌላውን ክፍት ትቼ። በማግሥቱ ልዩነቱን ፎቶ ታነሡታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ኑ፤ የምለካው ያን ጊዜ ነው። ክፍሉ እርጥብ ስለሆነ ቦቲ ጫማ አድርጉ። የእጅ ባትሪ እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ የውሃ ጉድጓድ ጥገና ባለሙያ